ለባንክ ያዘጋጀቻት ሴትዮ

«አያታችን፣ ያን የባንኩን ነገር ንገሪን» ስትሉኝ ከረማችሁ። በጨዋታ መካከል ጫፍ ጫፉን ስነካካው ሰምታችሁኛል፤ አሁን ከመካከላችሁ ሥራ የሚፈልግ ስላለ ይሆናል ሙሉውን የፈለጋችሁት። እሺ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ልናገር፣ እናንተ ጻፉት። ወደ ሌላ ወሬ ከሄድሁ መልሱኝ። እግሬም አፌም አንድ ቦታ መቀመጥ እንደማይወዱ ታውቃላችሁ።

ጊዜው ክረምት ነበር፤ ሐምሌ። እኔ አዘና ሴት ልጄ ቤት ነበርሁ። ከዚያ በፊት ግምጃ ቤት ወንድ ልጄ ጋ፣ ከዚያ በፊት ዳንግላ በራሴ ቤት። አንዱ ጋ ስቀመጥ ሌላው ይናፍቀኛል። ዘንቢሌን አነሣለሁ፤ ጋሪ ካገኘሁ በጋሪ፣ ካጣሁ በእግሬ። ልጆቼ «እናታችን የትኛው ቤት ናት?» እየተባባሉ በስልክ ይፈላለጉኛል። የትም ብሄድ ግን ልቤ ያለው ከአንዷ ጋ ነበር፤ ካሳደግኋት የልጅ ልጄ ጋ። እናቷ ሌላ ትዳር ይዛ ወደ ቆላ ስትወርድ ገና ጡት መተዋ ነበር። ከእኔ ጉያ ነው ያደገች፤ እኔም ልጄ ነው የምላት። እሷም «እምዬ» የምትለው እኔን ነው፤ እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት።

ኮሌጅ ጨርሳ እንጅባራ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሥራ ትፈልግ ነበር። የዞን ከተማ ስለሆነ ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነው። እስከዚያው አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። አዘና ኔትወርኩ አንዱን ቃል ያመጣል፣ አንዱን ይውጣል፤ ወጥቼ አጥሩ ሥር ስቆም ነው በደንብ የሰማኋት።

«እምዬ፣ የባንኩን የጽሑፍ ፈተና አልፌያለሁ። አሁን ለቃል ጠርተውኛል።»

«የቃሉ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፊታቸው ቀርቤ ይጠይቁኛል። ትልቁ ባንክ ነው እኮ። ከባሕር ዳር ድረስ መጥተው ነው የሚጠይቁን።»

«ታዲያ መጥቼ ላዘጋጅሽ?»

ሳቀች። «እትዬ እያዘጋጀችኝ ነው።»

እትዬ የምትላት የቤት አከራይዋን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጡረታ የወጣች ሴትዮ ናት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛ በሚቀጠርበት ክፍል ኖራለች ይላሉ። ወሬዋን መስማት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ እትዬ እንዲህ አለች፣ እትዬ ይህን ሰጠችኝ። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘግቼ ለራሴ አልሁ፦ ማሳደጉን እኔ አሳድጌ፣ ማዘጋጀቱን ሌላ ሰው?

በማግሥቱ ማንም ሳይጠራኝ ወደ እንጅባራ ተነሣሁ። በዘንቢሌ ድንች፣ ምሬቱ በውኃ የወጣለት ግብጦ፣ በጠርሙስ ማር ይዣለሁ። ከሁሉ በታች በነጠላ የተጠቀለለ ጥልፍ ቀሚስ አለ። ለሠርጓ ያሠራሁት ነው። ባንክ የሚያህል ነገር ከመጣ ግን ሠርግ ምን ይጠብቃል ብዬ አወጣሁት።

የሴትዮዋ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ያዝሁ፤ ጭቃው ባጃጁን እንደ ሰካራም ያወዛውዘዋል፤ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ፕላስቲክ ለብሶ ተደርድሯል። የግቢው በር ላይ ስደርስ ከውስጥ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ትናገርና ታቆማለች፤ ሌላ ድምፅ «እንደገና» ይላታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ዝናብ እየመታኝ ቆሜ አዳመጥሁ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ የልጄን ድምፅ ግን አውቃለሁ፤ እንደዚያ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ስገባ ልጅቱ ወለሉ መሐል ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ማዶ መነጽሯን አድርጋ፣ እስክሪብቶ ይዛ። ልጄ ዘላ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችና አንገቴ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋም ተነሣች።

«እንኳን ደኅና መጡ እማማ። ይግቡ፣ እርጥቡን ያውልቁ። ትንሽ ነው የቀረን፤ ልንጨርስ ነው።»

ልንጨርስ ነው አለችኝ፤ እንደ እንግዳ። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ አንቺ ብላት ማንም አይፈርድብኝም ነበር። እርስዎ ያልኋት እንዳትቀርበኝ ብዬ ነው።

«ይጨርሱ፤ እኔ ምን ቸገረኝ» ብዬ ጥግ ያዝሁ።

እንግዲህ ጥግ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያቺን ልጅ ሳሳድግ ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት ማየትን፣ ስትመልስ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ማስጠጋትን፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግን አስተምሬያታለሁ። ያያት ሁሉ «የማን ልጅ ናት እንዲህ የታረመች?» የሚለው በዚያ ነው። ሴትዮዋ እንደ አሮጌ ሹራብ ከጫፉ ይዛ ትተረትረዋለች።

«ወደ እኔ እዪ። ወለሉ አይቀጥርሽም።»

ልጄ ቀና ትልና ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታቀረቅራለች።

«እጅሽን ከአፍሽ አውርጂ። ምን ትደብቂያለሽ፣ ጥርስ አለሽ አይደል?»

ልጄ ትስቃለች። ለእኔ ብቻ የምትስቀውን ሳቅ ለሷ ስትስቅላት አየሁ።

«በይ ስለ ራስሽ ንገሪን» አለቻት ከዚያ፣ ልክ እንደ ባንክ ሰው ድምፅዋን አወፍራ።

«ታታሪ ነኝ» አለች ልጄ። «ኃላፊነት ይሰማኛል። ከሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ።»

አላስቻለኝም። «ይሄንን ሰው ይበልልሽ እንጂ ራስሽ ትያለሽ እንዴ?» አልኋት።

ልጄ ደነገጠችና አቀረቀረች። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እዚያ ክፍል ውስጥ የሚልላት ሰው የለም እማማ» አለችኝ ረጋ ብላ። «ብቻዋን ነው የምትገባው።»

ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ሰነበትሁ። ሴትዮዋ አልጋዋን ለቅቃ ልታስተኛኝ አለች፤ እምቢ ብዬ ከልጄ ጋር ፍራሽ ላይ ተኛሁ። ደግ ናት እኮ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቁርስ እንቁላል ትሠራለች፤ የእኔ ግብጦ ሳህን ላይ ደርቆ ይውላል። «ጠዋት ጠዋት እንቁላል ያስፈልጋታል» ትላለች። ግብጦ በልታ ነው ለዚህ የበቃችው ልል እልና እተወዋለሁ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እኔና ልጄ ስንጫወት በአዊኛ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ። በሁለተኛው ቀን ነው መሰለኝ፣ ሴትዮዋ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናወራ መጥታ፣ ይቅርታዋን አስቀድማ፣ «እማማ፣ እስከ ፈተናው ድረስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያወሯት። ምላሷ እንዲፈታ ነው» አለችኝ።

«እንግሊዝኛውንም እኔ ነኝ የማወራት?» አልኋት።

ልጄ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። ሴትዮዋም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲያ ከልጄ ጋር በአማርኛ ስናወራ ሰነበትን፤ ገበያ ላይ እንደተገናኘ ሰው። «ደኅና አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» በአማርኛ ሲሆን እርስዎ ትለኛለች። ልጄ እርስዎ አለችኝ። አክብሮቱ ገደለኝ።

ቀሚሱን ያወጣሁት በዚያው ሰሞን ነው። ፍራሹ ላይ ዘረጋሁት፤ ጥልፉ ከአንገት እስከ እግር የወረደ ነው። ልጄ በእጇ ዳሰሰችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሴትዮዋም «እንዴት ያምራል» አለች፤ ዋሽታ አይደለም። ከዚያ ገብታ ከሳጥኗ አንድ ጥቁር ኮት ይዛ ወጣች። ሥራ ላይ ሳለች የለበሰችው ነው። በልብስ ሰፊ አስጠብባዋለች፤ በልጄ ልክ! ልኳን መቼ ነው የወሰደችው? እኔ ሳላውቅ ወስዳለች። ልጄ ስትለብሰው ትከሻዋ ላይ ቁጭ አለ፤ ሌላ ሰው መሰለችኝ፤ የቢሮ ሰው።

«ቀሚሱ ለደስታው ቀን ነው እምዬ፤ ስቀጠር እለብሰዋለሁ» አለችኝ ልጄ ጆሮዬ ሥር።

«እሺ፣ ምን ቸገረኝ» አልሁ። ያን ሰሞን ምን ቸገረኝ ያላልሁበት ሰዓት የለም።

ጫማም ነበረ፤ ተረከዙ ከፍ ያለ። በረንዳው ላይ ትለማመዳለች፤ ወዲያ ወዲህ፣ እንደ ተወለደ ጥጃ። ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ ታራምዳታለች። እኔ ያቺን ልጅ መጀመሪያ ያራመድኋት ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ተቀምጬ አየሁ። ፀጉርሽን እንኳን ልሥራልሽ ብል «እትዬ ፀጉር ቤት ቀጥራልኛለች» አለችኝ። ሄዳ ተተኩሳ መጣች፤ ራሷ የተቃጠለ ላባ ይሸታል።

አንድ ቀን ደግሞ ሴትዮዋ ለእኔም ወንበር አመጣችልኝ። «ሦስት ሆነው ነው የሚጠይቋት፤ ሁለት ሰው ስታይ ትልመድ። እርስዎም ይጠይቋት» አለችኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የባንክ ሹም ሆንሁ። ነጠላዬን አስተካከልሁ።

«እንደምን አደርሽ» አልሁ።

«እንደምን አደሩ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። «እማማ፣ ይሄ አይጠየቅም» አለች ሴትዮዋ።

«የማን ልጅ እንደሆነች ሳያውቁ ነው የሰው ገንዘብ የሚያስይዟት?»

«ያንቺ ልጅ ነኝ» አለች ልጄ፣ በአዊኛ፣ ወደ እኔ እያየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሴትዮዋም እስክሪብቶዋን ጥላ ሳቀች። ያቺ አንዲት መልስ ሁለት ቀን መገበችኝ።

ሁለት ቀን ብቻ። ከዚያ ልጄ ጓዳ ሆና ስታጠናና እንግሊዝኛው ሲያስቸግራት «እምዬ» ብላ ተጣራች። «ወዬ ልጄ» ብዬ ስነሣ ጉልበቴ እስኪታዘዘኝ ሴትዮዋ ቀድማኝ ገባች። ልጄ የጠራችው እሷን ነበር። አፏ ስቶ ይሁን ለምዳው ይሁን አልጠየቅኋትም። ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ ድንች መላጥ ጀመርሁ፤ ስንቱን እንደላጥሁት አላውቅም፣ ሴትዮዋ ስትወጣ «ለማኅበር ነው እንዴ?» አለችኝ።

የዚያኑ ሰሞን ቀለም ቀቢ መጣ። ከሴትዮዋ መኝታ ቤት ጎን ያለችውን ሰፊ ክፍል ሊቀባ ነው።

«ለማን ነው?» አልሁ።

«ለሷ ነዋ» አለች። «ባንኩ ከቀጠራት ያቺ ጠባብ ክፍል አትሆናትም። ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ኪራይ ምናምን አንባባልም።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ልጄ ካለፈች እዚህ ቤት ቀረች። ከወደቀች ወደ እኔ ዳንግላ ትመለሳለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ከዓመት በላይ የለፋችበትን አጥታ። ማለፏን ልመኝ ወይስ መውደቋን? መውደቋንስ እንዴት አድርጌ እመኛለሁ?

በፈተናው ዋዜማ ማለዳ ማርያም ሄድሁ። ቅጥሩን ተደግፌ ቆምሁና ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። አሳልፊልኝ ልል እልና ያ የተቀባው ክፍል ይመጣብኛል። ሰው ሁሉ ተሳልሞ ሲበታተን እኔ ገና አልጀመርሁም። በመጨረሻ «እመቤቴ፣ አሳልፊልኝ፤ ከዚያች ሴትዮ ቤት ግን አውጪልኝ። ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አልሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መለመን ይቻል አይቻል አላውቅም፤ ለመንሁ።

በፈተናው ቀን ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ሄድን። ልጄ ኮቱን ለብሳ፣ ጫማውን በፌስታል ይዛ፤ በጭቃው ላስቲክ ጫማ ነበር ያደረገችው። በር ላይ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጫማውን አደረገችላት። እኔ ላስቲኩን ተቀበልሁ። ልጄ ገባች።

እኔና ሴትዮዋ ውጭ፣ ጣሪያው ሥር ቆምን። ዝናቡ በጎን ይመጣል፤ የሷ ጃንጥላ ውስጥ ሁለታችንም ተጠጋጋን። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«ብርድ ነው?» አልኋት።

«ፍርሃት ነው» አለችኝ። «ስንቱን ሰው ስጠይቅ ኖሬ አሁን ነው የፈራሁ።»

ነጠላዬን ግማሹን ሰጠኋት። ምን ላድርግ፤ ሰው ይንቀጠቀጣል።

ልጄ ስትወጣ ፊቷ አይነበብም። ሁለታችንም እኩል ሄድንባት።

«ሦስት ናቸው» አለችን። «አንዱ ሸበቶ ትልቅ ሰው ነው። ተቀመጪ አሉኝ። ወንበሩ ከጠረጴዛው ተጠግቷል፤ ጉልበቴ ጉልበቱን ሊነካ። ሳላስበው ወንበሩን አንሥቼ…»

«ወንበሩን ምን?» አለች ሴትዮዋ።

«ወስጄ በሩ ሥር ተቀመጥሁ።»

ሴትዮዋ ራሷን ያዘች። እኔ ፊቴን ወደ ነጠላዬ አዞርሁ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲኖር ልጅ የሚቀመጠው በሩ ሥር ነው፤ ውስጡ የትልቅ ሰው ነው። ያን ሁሉ ሰሞን ስትተረትረው የሰነበተችው ሹራብ አንድ ክር ቀርቶታል፤ የእኔ ክር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጄ በዚያ ልትወድቅ እንደምትችል እያወቅሁ ልቤ ሞቀ።

«ከዚያስ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሰውዬው ‹ልጄ፣ ሳንጠይቅሽ ልትሄጂ ነው?› አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንበሬን ይዤ ተመለስሁ። ከሳቅሁ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ዓይናቸውን እያየሁ ሁሉንም መለስሁ።»

«ዓይናቸውን አይተሻል?» አለች ሴትዮዋ።

«የሦስቱንም።»

ሴትዮዋ አቀፈቻት። እኔ ላስቲክ ጫማውን ይዤ ተራዬን ጠበቅሁ።

እኔ ወደ ዳንግላ ተመለስሁ፤ ውጤቱን እዚያ ሆኜ እጠብቃለሁ ብዬ። ያን ሰሞን የትም አልዞርሁም፤ ጎረቤቶቼ «ታመሙ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲጾም ስልኬ ጮኸ።

«እምዬ፣ ተቀጥሬያለሁ» አለች፤ በአዊኛ።

እልል አልሁ። ከዚያ ድምፄን ቀንሼ «እንግዲህ እዚያው ነሽ» አልኋት።

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልሁ።

«አይደለም እምዬ። ዳንግላ ነው የደረሰኝ። ካንቺ ጋር ልኖር ነው።»

ያን ጃንጥላ ባለ ዘርፉን ነው ያገባሁት፤ ርካሹን አይደለም። ልጄ ዕቃዋን ስትጭን እንጅባራ ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ ኮቱን አጣጥፋ ከዕቃዋ ላይ አኖረችላት። እኔም አሸናፊ ነበርሁና ደግነት አላነሰኝም፤ ዳንግላ ሲመጡ ቤቴ ቤትዎ ነው አልኋት። የተቀባው ክፍል በሩ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለስንቱ ነገርሁት። አዘና ሄጄ ነገርሁ፣ ግምጃ ቤት ሄጄ ነገርሁ፤ እመቤቴ ሁለቱንም ልመናዬን ባንድ ቀን ሰማችኝ፣ ባንኩ ልጄን መርጦ ወደ ደጄ ላከልኝ እያልሁ። ልጄ ስናገር እየሰማች ቡናዋን ትቀዳለች።

ዓመታት አለፉ። ልጄ አገባች፣ ወለደች። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አራስ ልትጠይቅ ለመጣች ጎረቤት ያንኑ እየነገርሁ ነበር። ጎረቤቲቱ ስትወጣ ልጄ ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችና «እምዬ፣ ዳንግላ ደርሶኝ እኮ አይደለም» አለችኝ። ባንኩ እንጅባራም ዳንግላም ቦታ ነበረው፤ ምረጪ ብለዋት ነበር። እሷ እንጅባራ ልትል ነበር። ቀለሙ ገና የሚሸተው ክፍል በር ላይ ቆመው፣ ዳንግላ በያቸው ያለቻት ሴትዮዋ ናት፤ ለአያትሽም ደርሶኝ ነው በያት ያለቻት እሷው ናት።